ነብር ያልሆነው ነብር

አማርኛ ለታይገር የራሱ ስም የለውም። ነብር ስንል ባለ ነጠብጣቡን ነው፤ ዛፍ ላይ ወጥቶ የሚተኛውን፣ ሌሊት ወርዶ በግ የሚወስደውን፣ ጭራውን አይዙም ከያዙም አይለቁም የሚባልለትን። ታይገር ባለ ሸንተረር ነው። ከኛ ነብር በብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ አፍሪካ ዱር ውስጥ ደግሞ ኖሮ አያውቅም። እኛ ግን ሁለቱንም በአንድ ስም ጠቅልለናቸዋል። ዜና ላይ "የታሚል ነብሮች" ሲባል፣ ስለ ኢኮኖሚ ሲወራ "የእስያ ነብሮች" ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። እንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ላይ "ታይገር ማለት ነብር" ተባልን፣ ደብተራችን ላይ ጻፍን፣ በቃ።

ሕንድ ሄጄ ሳየው እነሱም ከኛ ብዙም አይሻሉም። በሂንዲ "ሸር" አንበሳ ነው፤ ራጃስታን ውስጥ ግን ጂፕ ነጂውም አስጎብኚውም ታይገሩን "ሸር" ነው የሚለው። ዋና ስሙ "ባግ" ነው። የኛው ነብርም እዚያ አለ፣ "ቴንዱዋ" ይሉታል፤ ታይገሩን ስለሚፈራ ገደል ገደሉን ይዞ ይኖራል። እንግዲህ እዚህ ጽሑፍ ላይ ነብርን ነብር፣ ታይገርን ታይገር ልበል፤ ዓመተ ምሕረቶቹም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

እኔ የደባርቅ ልጅ ነኝ። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ነው። ልጅ ሆነን ካሜራ ያንጠለጠለ ፈረንጅ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት፣ ድንኳን የጫነ በቅሎ ማየት ለኛ እንደ ገበያ ቀን የተለመደ ነበር። ሳፋሪ ማለት ሌላ ሰው ከሩቅ መጥቶ፣ ከፍሎ፣ እኛ በየቀኑ የምናየውን ጭላዳ የሚያይበት ነገር ነው። ቃሉ በስዋሂሊ "ጉዞ" ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ራሱ በኋላ ነው። ስለዚህ ደልሂ ማስተርሴን እየተማርኩ፣ በጥር የክረምት ዕረፍት አብራኝ የምትኖረው የአዲስ አበባ ልጅ "ታይገር እንይ" ስትለኝ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከካሜራው ኋላ ልቆም መሆኑ ነው የታወቀኝ።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ታይገሩ አይደለም፤ ወደ ወፎቹ ነው። ከደልሂ ወደ ሙምባይ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ ባራትፑር የምትባል ከተማ አለች። አጠገቧ ኬኦላዴዎ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ስፋቱ 29 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ፣ ረግረጋማ፣ ዙሪያውን በግንብ የታጠረ። እዚያ በጂፕ አይገባም። ባለ ሦስት እግር ሪክሾ ይዘው የሚያስጎበኙት ሪክሾ ገፊዎቹ ራሳቸው ናቸው። የኛው ጥምጥም ያሰሩ፣ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ፔዳሉን እየረገጡ፣ አንገታቸውን ሳያዞሩ፣ "በስተግራ፣ ሁለተኛው ደረቅ ዛፍ፣ ጉጉት" ይላሉ። እኛ አምስት ደቂቃ እናፈጣለን፤ ጉጉቱ ግንዱን መስሎ ቁጭ ብሏል።

ባራትፑር ድሮ የማሃራጃው የዳክዬ ማደኛ ነበር። ፓርኩ ውስጥ እስከ ዛሬ የቆመ የድንጋይ ጽሑፍ አለ፤ በየዓመቱ የትኛው እንግዳ መጥቶ ስንት ወፍ እንደተገደለ በዝርዝር ተቀርጾበታል። ትልቁ ቁጥር የ1938 ነው፦ የእንግሊዙ እንደራሴ ሎርድ ሊንሊትጎ በመጡበት ቀን 4,273 ወፍ። በአንድ ቀን! ጓደኛዬ ቁጥሩን ሁለቴ አነበበችው። ሽማግሌው ግን ከሪክሾው እንኳ አልወረዱም፤ ድንጋዩን ስንት ሺ ጊዜ እንዳዩት ያስታውቃል።

ዛሬ እዚያው ቦታ ላይ ሂማላያን አቋርጦ የመጣ፣ ጭንቅላቱ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ያለው ዝይ ውሃው ዳር ያሸልባል። ሳረስ የሚባለው ክሬን፣ ከሚበሩ ወፎች ሁሉ በቁመት አንደኛው፣ ከጥንዱ ጋር ጎን ለጎን ይራመዳል። እኔን ያስገረመኝ ግን ግራጫው ክሬን ነው። ሽማግሌው "ይሄ ከሰሜን ነው የሚመጣው፣ ብርዱን ሸሽቶ" ሲሉ ስሙን አየሁት፤ እኛ አገርም በበጋ የሚመጣው፣ ጣና ዙሪያና ቢሾፍቱ አካባቢ ማሳ ላይ የሚታየው ያው ዝርያ ነው። ያ መንጋ ወደ ሕንድ፣ ያኛው ወደ ኢትዮጵያ ይወርዳል። ይሄን ስነግራቸው ሽማግሌው ፔዳሉን አቆሙና "ታዲያ ዘመዳሞች ነን በይኛ" አሉኝ።

የማይመጣም አለ። ነጩ የሳይቤሪያ ክሬን ለስንት ዘመን ክረምቱን እዚህ ያሳልፍ ነበር። በየዓመቱ ቁጥሩ እያነሰ፣ እያነሰ መጣ፤ ረጅሙ መንገዱ ላይ ይታደን ነበር። በ2002 ሁለት ብቻ ታዩ። ከዚያ ወዲህ የለም።

ሌላም ታሪክ ነገሩን፣ እሱን ስሰማ ጆሮዬ ቆመ። ቦታው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን፣ የዙሪያው መንደር ሰዎች ጎሾቻቸውን እንዳያሰማሩ ተከለከሉ። በ1982 ግጭት ተነሣ፣ ፖሊስ ተኮሰ፣ ሰው ሞተ። ከዚያስ ምን ሆነ? የቦምቤይ የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ዓመታት የፈጀ ጥናት አደረገና፣ ጎሾቹ ሲወጡ ሣሩ ውሃውን ዘግቶ ለብዙ ወፎች ቦታው እንደጠበበ አገኘ። ጎሹ ለካ አትክልተኛ ኖሯል። በኋላ ሰዎቹ ሣር እያጨዱ እንዲወስዱ ተፈቀደ። የሞቱት ግን ሞተዋል።

ይሄን ይዤ ነው በባቡር ወደ ሳዋይ ማዶፑር የወረድኩት። ሳዋይ ማዶፑር የራንታምቦር በር ናት። አቤት ደባርቅን ስትመስል! ከጣቢያው ጀምሮ ግድግዳው ሁሉ ታይገር፤ ሱቁ ታይገር፣ ሻይ ቤቱ ታይገር፣ የፀጉር ቤቱ ምልክት ሳይቀር። እኛ ጋ ዋልያ እንደሚሣለው ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፓርኩ በቀጠና በቀጠና ተከፍሏል። ጧት አንድ፣ ከሰዓት አንድ፣ እያንዳንዱ ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ የሚፈጅ ሳፋሪ አለ። ጂፕሲ የሚሏት ክፍት መኪና ስድስት ሰው ትይዛለች፤ ካንተር የሚሉት ክፍት የጭነት መኪና ደግሞ ሃያ። ቀድሞ በኢንተርኔት ይያዛል፣ ፓስፖርት ይታያል፣ የውጭ ዜጋ ከሕንዳዊው በላይ ይከፍላል፤ ይሄ ከኛም አገር የማውቀው ነው። ከመኪና መውረድ ክልክል። ዋናው ዝናብ በሚዘንብባቸው ወራት፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ዋናው ክፍል ይዘጋል።

የጥር ጧት ክፍት መኪና ላይ የደባርቅን ውርጭ ያስመሰግናል። አስጎብኚያችን ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ብርድ ልብስ የሚያድል፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። "ባያ" እንለው ነበር፣ ወንድም ጋሼ እንደማለት ነው። የመጀመሪያው ቀን ታይገር አላየንም። አጠገባችን የነበሩት የሙምባይ ቤተሰቦች ተቆጡ፤ አባትየው "ለምንድነው የከፈልነው?" አሉ። ባያ ሳቅ ብሎ "ሸር ቀጠሮ አይዝም" አላቸው። መኪናው ሲቆም አንድ ደፋር ወፍ መጥታ የጓደኛዬ ባርኔጣ ላይ አረፈች፤ ትሪፓይ ይሏታል፣ ከቁራ ወገን ናት፣ ጭራዋ ረጅም፣ ገላዋ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ። የሙምባዩ ልጅ ሳቀ። አባትየው ግን ሰዓታቸውን እያዩ ነበር።

ሁለተኛው ቀን ላይ ነው ሳፋሪ ማየት ሳይሆን መስማት መሆኑ የገባኝ። ባያ ሞተር ያስጠፋና ዓይኑን ይጨፍናል። "ቺታል ከጮኸ ጠብቁ" አለን፤ ቺታል ባለ ነጠብጣቡ አጋዘን ነው፣ ቶሎ ይደነግጣል፣ ለነብርም ለታይገርም ይጮሃል። "ላንጉር ከጮኸ ከላይ እያየ ነው"፤ ላንጉር ጥቁር ፊት ያለው ጦጣ ነው፣ ዛፍ ጫፍ ላይ ሆኖ ዘብ ይቆማል። "ሳምባር ከጮኸ ግን መኪናውን አዙር።" ሳምባር ትልቁ አጋዘን ነው፤ ጫካ ውስጥ የሱን ያህል የሚታመን ምስክር የለም። ይሄን ስሰማ ሰሜን ላይ እረኞች የቁራውን ጩኸትና የውሾቹን ጩኸት እንዴት እንደሚለዩ ትዝ አለኝ። ዕውቀቱ አንድ ነው፤ እዚህ ግን ደሞዝ አለው።

ለመሆኑ ታይገሩ እንዴት ተረፈ? ራንታምቦር ራሱ የጃይፑር ማሃራጃዎች ማደኛ ነበር። በ1961 የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥና ባለቤታቸው ፊሊፕ እዚህ በእንግድነት መጥተው ፊሊፕ አንድ ታይገር ገድለዋል። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት ደብሊው ደብሊው ኤፍ የተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ተቋቁሞ የእንግሊዙ ቅርንጫፍ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሕንድ በ1972 የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ አወጣች። በዚያ ዓመት በኮቴ ዱካ ሲቆጠሩ የተገኙት 1,827 ታይገሮች ነበሩ። በ1973 በኢንድራ ጋንዲ መንግሥት ፕሮጀክት ታይገር በዘጠኝ ጥብቅ ቦታዎች ተጀመረ፤ ራንታምቦር አንዱ ነው።

ከዚያ ሁሉ ነገር ሰመረ ብላችሁ እንዳታስቡ። በዚያው ራጃስታን ሳሪስካ የሚባል ሌላ ጥብቅ ቦታ አለ፤ በ2005 ሲፈተሽ አንድም ታይገር አልተገኘም። አዳኞች ጨርሰዋቸዋል፣ ወረቀቱ ላይ ግን ነበሩ። ከ2008 ጀምሮ ከራንታምቦር በሄሊኮፕተር ጭምር እየተወሰዱ እንደገና ተተከሉ። በአዲሱ፣ በካሜራ በሚደረገው ቆጠራ፣ በ2006 የአገሪቱ ግምት 1,411 ነበር። በ2022 ወደ 3,682 ደርሷል። በዓለም ላይ በዱር ካሉት ታይገሮች ሦስት አራተኛው ገደማ ዛሬ ሕንድ ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ጧት ሐይቆቹ ያሉበት ቀጠና ደረሰን። ከላይ ገደሉ ላይ የጥንቱ ምሽግ ተዘርግቷል፤ ውስጡ የጋኔሽ ቤተ መቅደስ ስላለ ምእመናን በእግር፣ በመኪና ይወጣሉ፣ ታይገር በሚዞርበት ጫካ መሐል። ከታች ውሃው ላይ ጉም አለ፣ ሳምባሮች እስከ ደረታቸው ገብተው የውሃ ተክል ይበላሉ፣ አዞ ዳር ላይ ፀሐይ ይጠብቃል። ባያ ስለ ማችሊ ነገረን። ማችሊ በሂንዲ ዓሣ ማለት ነው፤ ፊቷ ላይ የዓሣ ቅርጽ ያለው ምልክት ነበራትና ነው። እነዚህን ሐይቆች ለዓመታት የገዛች፣ ከትልቅ አዞ ጋር ታግላ ያሸነፈች ሴት ታይገር ናት። በ2016 ስትሞት በሂንዱ ሥርዓት፣ በአበባ ተሸፍና ተቃጠለች።

እያወራ እያለ ነው ሳምባሩ የጮኸው። እንደ መኪና ጡሩምባ ያለ፣ አንዴ ብቻ የሚወጣ ድምፅ። ባያ ወሬውን ከመሐል ቆረጠው። ደግሞ ጮኸ። ውሃ ውስጥ ያሉት ሳምባሮች ሁሉ ጭራቸውን ቀጥ አድርገው ወደ አንድ ቦታ አዩ። እኛም አየን፤ ደረቅ ሣር ብቻ ነው። ከዚያ ሣሩ ተራመደ።

እንዲህ ነው ሌላ የምለው የለኝም፣ ሣሩ ራሱ ተራመደ። ሸንተረሩ ለምን እንደተፈጠረ ያኔ ገባኝ። ሴት ነበረች። ወደ መንገዱ ወጣች፣ ስድስት ሰባት ሜትር ከኛ፣ ኮቴዋ ድምፅ የለውም። ከጆሮዎቿ ጀርባ ሁለት ነጭ ነጠብጣብ አለ፣ ከኋላ ስታያት እንደ ዓይን ያፈጡብሃል። አንድ ግንድ ጋ ቆማ ጀርባዋን አዙራ ረጨችበት፤ ግዛቷን ማስመርያዋ ነው። "ሽቱ" አለን ባያ በሹክሹክታ። ሸተትን። የተቀቀለ ባስማቲ ሩዝ ነው የሚሸተው! እውነቴን ነው፤ ሩዙን ያንን መዓዛ የሚሰጠው ንጥረ ነገር እሷም ላይ አለ። ኋላችን ጂፕሲዎች እየተጋፉ ደረሱ፣ ሰው ወንበር ላይ ወጣ፣ ስልክ ተነሣ። እሷ ግን አንዴም አላየችንም። እኛን ለመናቅ እንኳ አልቸኮለችም። መንገዱን ተሻግራ ወደ አንድ የፈረሰ የድንጋይ ካብ ገባችና ጠፋች።

ጓደኛዬ እያለቀሰች ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ካቡ ላይ ቀረ። የቤት ካብ ያደገበት ሰው አይጠፋውም፤ የግቢ ካብ ነው። ጥግ አለው፣ በር አለው፣ አጠገቡ የተደፈነ ጉድጓድና ሰው የተከለው የሚመስል ዛፍ አለ።

"ባያ፣ እዚህ ማን ይኖር ነበር?" አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። "መንደር ነበር" አለኝ። "የኛ እንኳ ከዚያ ኮረብታ ወዲያ ነበር።"

በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ከራንታምቦር ውስጥ 12 ያህል መንደሮች ወጥተዋል፤ የባያ አያት ቤት አንዱ ውስጥ ነበር። መሬት ተሰጣቸው፣ ትምህርት ቤት ተሠራላቸው። አባቱ እርሻውን ለቆ መኪና መንዳት ለመደ፤ እሱ አስጎብኚ ሆነ። "ሸር ልጆቼን ያበላል" አለኝ። "አያቴ ግን እስኪሞት ድረስ ስሙን አልጠራም። 'ቤቴን የወረሰው' ነበር የሚለው።" ይሄን ሲናገር አልተማረረም። ሁለቱንም እኩል እውነት አድርጎ ነው የተናገረው፣ እኔም እስከ ዛሬ አንዱን ከአንዱ ማስበለጥ አቅቶኛል።

በዚያው ስለ ኡስታድ አነሣ። ኡስታድ የታወቀ ወንድ ታይገር ነበር። በ2015 አንድ የጫካ ጠባቂ ተገደለ፤ ኡስታድ ነው ተባለና ተይዞ ኡዳይፑር ወዳለ አጥር ግቢ ተወሰደ። ታዲያ በየከተማው ሻማ ይዞ "ኡስታድን መልሱ" የሚል ሰልፍ ወጣ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። "የሸሩን ስም አገር ሁሉ ያውቀዋል" አለ ባያ። "የጠባቂውን ስም እስቲ አንዱን ሰልፈኛ ጠይቂው።"

እዚህ ላይ ስለ ጊች ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ሰሜን ተራሮች በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መጀመሪያ ከተመዘገቡት 12 ቦታዎች አንዱ ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ አንዱ ምክንያት እርሻና ግጦሽ ነበር። በ2016 ፓርኩ ውስጥ የነበረችው የጊች መንደር ወጣች፣ ከ400 በላይ አባወራ ደባርቅ ዳር ሰፈረ። በ2017 ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ተፋቀ። ከጊች የመጡ ልጆች የታናሽ ወንድሜ የክፍል ጓደኞች ሆኑ። የአንዱ እናት ቤታችን ቡና ስትጠጣ "ውሃ ደጃፌ ድረስ መጣልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ገብስ ግን በኪሎ ገዝቼ አላውቅም ነበር" ስትል ሰምቻታለሁ። አሁን ልጇ ክሊኒክ ቅርብ ነው፣ ትምህርት ቤት ቅርብ ነው። ገብሱም በኪሎ ነው።

ታይገር ይጥፋ የሚል ሰው አይደለሁም። ያቺን መንገድ ስትሻገር ያየ ሰው እንዲህ ማለት አይችልም። ለታይገር ጫካ ያስፈልጋል፣ ለጫካ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፣ ሕንድ 3,682 የደረሰችው በምኞት አይደለም። ግን ባዶ የምንለው ቦታ ባዶ የሆነው አንድ ሰው ስለወጣለት ነው። ከሕንድ በ2008 ለሚወጣ ቤተሰብ አንድ ሚሊዮን ሩፒ ይከፈላል የሚል ደንብ ወጥቶ ነበር፤ ገንዘቡ ይብዛ ይነስ የሚለው ክርክር ነው፣ ሒሳብ መኖሩን ማመኑ ግን አንድ ነገር ነው። ባራትፑር ያለው ጎሽ ደግሞ የቀረውን ያስተምራል፦ አንዳንዴ የምናስወጣው ሰው ቦታውን አጥፊው ሳይሆን ጠባቂው ሊሆን ይችላል፤ ሳይጠና አይታወቅም።

ሰሞኑን አገር ቤት ፓርክ መሄድ በወጣቱ ዘንድ እየተለመደ ነው፤ ሰሜን፣ ባሌ፣ አዋሽ፣ ነጭ ሣር፣ ምድረ ፎቶ ነው። ሂዱ፣ ደስ ይላል። ቀይ ቀበሮን የመሰለ፣ በዓለም ላይ ከ500 ያነሰ የቀረ ፍጥረት ያለው እኛ አገር ብቻ ነው። ከአስጎብኚያችሁ ወይ ከስካውታችሁ ጋር ሻይ ስትጠጡ ግን ስለ እንስሳው ብቻ አትጠይቁት። "ጋሼ፣ የናንተ ቤት የት ነበር?" በሉት። እጁን ወደ አንድ ኮረብታ ከጠቆመ፣ ከዚያ ስልካችሁን አስቀምጡና ስሙት።